ሳልቀምስ ያጣፈጥኩት ሥጋ

ቀናተኛ ነኝ። መጀመሪያውኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሌላው ሰው የስደት ሥራውን ሲያነሳ ስለ ድካሙና ስለ ናፍቆቱ ያወራል፤ እኔ ግን ዶሃ ሰው ቤት የሠራሁባቸውን ዓመታት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ማን ምን እንደ ነበረውና እኔ እንዳልነበረኝ ነው። በተለይ የአንዲት ልጅ ምላስ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

አሁን እጄን ከሰው ማድቤት አውጥቼ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ለኛ ዓይነቱ ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ቀን ጉልበትሽ እምቢ ይላል፣ ኸላስ፣ ትመለሻለሽ። በዓል ሲደርስ የሰፈር ሴቶች ይመጡና "እትዬ አስካለ፣ ዓረቦቹ ሥጋውን እንዴት ነው እንደዚያ የሚያለሰልሱት? እስቲ ያሳዩን" ይሉኛል። አሳያቸዋለሁ። "ጨው ስንት ማንኪያ?" ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። በማንኪያ የሚያልቅ ነገር ቢሆን እኔ ያን ሁሉ ዓመት በቅናት አልነድም ነበር።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ሥጋ የሚባል አላስነኩኝም። ሹግሌ፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ መስኮትና ደረጃ ማጽዳት ነበር። እዚያ ጊዜዬን ጨርሼ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ ሌላ ቤት ዞረ፤ የወረቀቱን ጣጣ ትቼዋለሁ፣ ያለፈበት ያውቀዋል። ሁለተኛው ቤት ኡም ጉዋይሊና የሚባል ሰፈር አጠገብ ያለ አሮጌ የዓረብ ቤት ነው። ማዳም አለች፣ ባባ አለ፣ ልጆች አሉ፤ ሁሉም ሐጃ የሚሏት የማዳም እናትም አለች። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ግቢው ውስጥ ነበር። የማድቤቱ እመቤት ደግሞ እትዬ ዘይነባ ነበሩ፣ የወሎ ሰው።

በገባሁ ዕለት እትዬ ዘይነባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ክርስቲያን ነሽ አይደል?" አሉኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው ነው።

"አዎ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሥጋውን አትበዪም። አብሽሪ፣ ዓሣ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ምስር አለ። አትራቢም።"

ማስረዳት ሳያስፈልገኝ የተረዳኝ ሰው ማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አገር ቤት የክርስቲያን ሥጋ ለክርስቲያን፣ የእስላም ሥጋ ለእስላም ነው። ጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለየብቻው ይታረዳል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ዶሃ ላይ ግን ያለው ሥጋ አንድ ዓይነት ነው፣ ያረደውም እስላም ነው። እናቴ ስትሸኘኝ "ልጄ፣ ለሆድሽ ብለሽ እንዳትለወጪ" ብላኛለች። ስለዚህ ቃሌን ጠበቅኩ። እዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ከሠራሁት ሥጋ ቁራጭ አፌ አልገባም።

ታዲያ ሳይቀምሱ እንዴት ይሠራል? እትዬ ዘይነባን ይሄንኑ ጠየቅኳቸው። "ምላስሽ እኔ ነኝ" አሉኝ። "አንቺ እጅሽን አስተምሪው።"

እጄን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሥጋ ከመንካታቸው በፊት ቀለበታቸውን አውልቀው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ፤ የሞቀ እጅ ጮማውን ያቀልጠዋል፣ ሥጋውም ይንሸራተታል። ቀጥለው ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያደርቁታል። "እርጥብ ሥጋ ቅመም አይዝም፣ እያፈሰሰ ያታልልሻል" ይሉ ነበር። እኔ አገሬ ሥጋ አጥቦ መዘፍዘፍ ነው የማውቀው፤ መጀመሪያ ጊዜ በጨርቅ ሲያባብሉት ሳይ ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ ጨው ብቻውን። ቅመም የለም፣ ሎሚ የለም፣ ጨው ብቻ። ሸፈን አድርገው ባልዲ ደፍተው ይቀመጡበትና መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሥጋው መጀመሪያ ያልበዋል፤ ውኃ ፊቱ ላይ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ውኃ መልሶ ይጠጣዋል፣ ጨውን ይዞ። ያኔ ነው ቅመም የሚገባው፦ ትንሽ የታመሰ ከሙንና ድንብላል፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ተለውሶ። እስከ አጥንቱ በቢላ ጫፍ እየወጉ ቀዳዳውን በጣት መሙላት ነው እንጂ ላዩን መቀባት ሥራ አይባልም። ዶሮ ከሆነ ከቆዳው ሥር። እርጎ ከሆነ ሌሊቱን ቢያድር ይወዳል። ሎሚ ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሥጋውን ላዩን አብስሎ ውስጡን ያደነድነዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ይጠብሱና ከመቅመሳቸው በፊት ወደኔ ይዞራሉ። "ተናገሪ!"

እጄን ጥሬው ሥጋ ውስጥ አስገብቼ መገመት አለብኝ። ጨው የደረሰው ሥጋ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ያነሰው ያዳልጣል። "ያንሰዋል" እላለሁ። ቁራጯን አፋቸው ውስጥ ይከቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ያላምጣሉ። እኔ አፋቸውን እያየሁ እቆማለሁ። "ወላሂ ልክ ነሽ፣ ያንሰዋል" ሲሉ ደስ ይለኛል፤ ግን ሲያላምጡ ያ ፊታቸው! ምን ይሆን የሚቀምሱት? እንዲህ ከምወዳቸው ሰው ጋር እንኳን ቅናቴ አልተወኝም።

ረመዳን ሲገባ ግን የኔ ቀን ይወጣል። እትዬ ዘይነባ ጾመኛ ናቸው። በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ለሚያበስል ሰው ይፈቀዳል ይሉ ነበር፤ ራሳቸው ግን አይወዱትም። "በረመዳን እጅሽ ይበቃኛል" ይሉኝና መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ማዳም ጾመኛ፣ ባባ ጾመኛ፣ ሾፌሩ ጾመኛ። በዚያ ግቢ የሚቀምስ ሰው የለም። ሁሉም እንደኔ ይሆናል ማለት ነው፤ ሁሉም እንደኔ ሲሆን ደግሞ የምበልጠው እኔ ነኝ። በመግሪብ አዛን ሲባል፣ ሲፈቱ፣ ከማድቤቱ ደጃፍ ቆሜ አዳምጣለሁ። "አስካላ! ማሻአላህ!" ትላለች ማዳም። ሳቄን ትሰማለች ብዬ ሳልጨነቅ እስቃለሁ።

እትዬ ዘይነባ ጉልበታቸውን ታመው ወደ አገር ሲገቡ አንገቴን አቅፈው "አብሽሪ፣ እጅሽ በስሏል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነግሼ ኖርኩ። የማዳም እህቶች እየመጡ "ይህችን ሠራተኛ ለኛ ስጪን" እያሉ ሲቀልዱ ማዳም ትቆጣለች። እኔ ደስታዬ ሌላ ነበር።

ከዚያ ምሕረት መጣች።

ምሕረት ለረዳትነት ነው የመጣችው፤ ከሐዋሳ፣ ገና ልጅ እግር፣ ጴንጤ። ዓርብ ዓርብ ማዳም ስትፈቅድላት መንሱራ ሰፈር አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ከሚሰበሰቡ የቤተ ክርስቲያኗ ልጆች ጋር ለጸሎት ትሄዳለች፤ ዝማሬዋን ይዛ ተመልሳ ሳህን ሲታጠብ ታንጎራጉራለች። መልካም ልጅ ናት፣ ይሄን አልክድም። ግን በገባች ዕለት፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ከምሳ የተረፈውን የኔን ዶሮ አንስታ ጸልያ በላች።

"ሥጋውን ትበያለሽ እንዴ?" አልኳት።

"ጌታ ባርኮልኛል፣ ለምን አልበላም?" አለች እየሳቀች። አጥንቱን እየጋጠች። "አስኩዬ! ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው? እንዴት ይጣፍጣል በናትሽ! ሎሚው ትንሽ በዝቷል እንጂ።"

ሎሚው በዝቷል! እኔ ስንት ዓመት የሠራሁት ዶሮ! ሎሚ በጣት አይታወቅማ፤ ጨውን ለምጄዋለሁ፣ ሎሚ ግን ያመልጠኛል። ስንት ዓመት በዝቶ ኖሮ ይሆን? ማዳም ዝም ያለችኝ አክብራኝ ነው ወይስ ለምዳው? ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ምስሬ ቀዝቅዞ ቀረ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሎሚውን ቀነስኩ። ማዳም ማድቤት ድረስ መጥታ "ዛሬ ዶሮው ላይ ምን አደረግሽ? ዘይን! ዘይን!" እያለች አደነቀች። አፌን ሳልከፍት ምሕረት ከኋላ "እኔ ነኝ የነገርኳት ማዳም!" አለች። እንደ ሕፃን ደስ ብሏት ነው እኮ፣ ክፋት የላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን "ምሕረት ሳትቀምስ አይወጣም" ተባለ። እኔ ሥጋውን አደርቃለሁ፣ እኔ ጨው አደርጋለሁ፣ እኔ እወጋለሁ፣ እኔ እሞላለሁ፤ እሷ ቁራጭ ጠብሳ ቁጭ ብላ ታላምጥና "እንትን ይጨመር" ትላለች። ልክ ነች ደግሞ! ያ ነው የሚያንገበግበው። ብትሳሳት ኖሮ እወዳት ነበር። ረመዳኔም ተወሰደብኝ፤ ምሕረት የነሱን ጾም አትጾምም፤ ሁሉም አፉን ዘግቶ እሷ ብቻ በር ዘግታ ትቀምሳለች።

በዓመቱ ባባ ገራፋ የሚባል ሰፈር ላይ አዲስ ቪላ ጨረሰ። ሁሉም ሊገቡ ነው፤ ሐጃ ብቻ "ከዚህ ቤት የምወጣው ስሞት ነው" ብላ እምቢ አለች። ማዳም ሁለታችንን ጠራችን። "አዲሱ ማድቤት አንዲት አብሳይ ይበቃዋል" አለች። "አንዳችሁ ከኔ ጋር ትሄዳላችሁ፣ አንዳችሁ ከእናቴ ጋር ትቀራላችሁ። የልጄ አማቾች በረመዳን ለፊጡር፣ ጾም ለመፍታት፣ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ እወስናለሁ።"

ከሐጃ ጋር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሐጃ ጥርስ የላትም፣ ጨውም ሐኪም ከልክሏታል። የምትበላው በወተት የተቀቀለ ሩዝና ተምር ነው። ሥጋ የማይገባበት ማድቤት። የቀረኝ ነገር ያ እጄ ብቻ ነበር፤ እዚያ ከቀረሁ እሱንም ልቀብረው ነው። አዲሱን ማድቤት አንድ ቀን ለጽዳት ወስደውን አይቼዋለሁ፤ የእብነ በረድ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ በግ ይዘረጋል። ጠረጴዛውን ስወለውል ምሕረትም ከወዲያኛው ጫፍ እየወለወለች በዓይኗ ትለካዋለች። አየኋት።

የፊጡሩ ዋዜማ ሥጋው መጣ። ሁልጊዜ ከሥጋ ቤት ነበር የሚመጣው፤ ያን ቀን ግን የባባ ወንድም በረሃ ካለው ከብት ማድለቢያው በግ አሳርዶ ላከ። ሾፌሩ አምጥቶ ወረወረልንና ሄደ። ሁለት ታፋና ሁለት ወርች ነበር። ጨርቄን አነሳሁ፣ አደረቅኩ፣ ጨው አደረግኩበት፣ ሸፈንኩት። ባልዲዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

አላላበውም።

ገልጬ አየሁት፤ ደረቅ ነው። እንደገና ጠበቅኩ። ምንም። እጄን ሳሳርፍበት ከመጀመሪያው እንደ ሙጫ ያዘኝ፣ ፊቱም ጠንከርና ጠቆር ብሏል። እጄ "ይሄ ሥጋ ጨው ጠግቧል፣ እጠቢው" አለኝ። በግልጽ ነው የነገረኝ። ውኃ ውስጥ ባገላብጠው፣ ወተት ውስጥ ባሳድረው ይድን ነበር። ግን ያን ጊዜ እጄን ራሴ ማመን አቁሜያለሁ። ሎሚ የበዛበት ዶሮ ስሠራ የኖርኩ ሰው አይደለሁ?

"ምሕረት!" አልኩ። "ጠብሰሽ ቅመሺልኝ፣ ጨው የበዛ መሰለኝ።"

ቆርጣ ጠበሰች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃው ጋ ትንሽ ቆየችና ዞረች። "ጨዉ ልክ ነው አስኩዬ" አለችኝ።

በእጄና በሷ ምላስ መካከል የሷን ምላስ መረጥኩ። ቅመሙን ሞላሁ፣ እርጎውን አለበስኩት፣ ፍሪጅ አስገባሁት። በማግስቱ ኦቨን ገብቶ ወጣ፤ መልኩ ያማረ፣ ሽታው ከግቢው ውጪ የሚጣራ። አዛን ተባለ። በተምር ፈቱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሥጋው ገባ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዱ ውኃ ጠየቀ። ሌላው ጠየቀ። ውኃ ውኃ እየተባለ ጀግ በጀግ ላይ ገባ። ትሪው ሲመለስ ሩዙ አልቋል፤ ሥጋው አንዳንድ ጉርሻ ተነክቶ እንዳለ አለ። ማዳም ተከትላ መጥታ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ "ሚልሕ!" ጨው ማለቷ ነው። ቀን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ፊት ጨው አቀረብኩ። በአማቾቿ ፊት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በኋላ ሾፌሩ ሲያወራ ነው የገባን፤ በረሃ ያለው አራጅ በመንገዱ ሙቀት እንዳይበላሽ ብሎ ሥጋውን ጨው አሽቶት ነበር፣ የነገረን ግን የለም።

ምሕረት ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

"ቀምሰሽው ነበር?" አልኳት።

"አልቀመስኩም።"

"ምን?"

"ጾም ላይ ነኝ አስኩዬ። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዘናል፣ ከልጆቹ ጋር። ጾም ደግሞ አይወራም። ጨው ላይ እጅሽ ተሳስቶ ስለማያውቅ፣ በዛ ያልሽው ከፍርሃት መስሎኝ ነው ልክ ነው ያልኩሽ።"

"ምን ብለሽ ነው የምትጾሚው?"

አልደበቀችኝም። እንባዋን ጠርጋ "ጌታ አዲሱን ማድቤት እንዲሰጠኝ" አለች።

እግዜር ያሳያችሁ! የኔን ማድቤት እንዲሰጣት ጾማ፣ በጾሟ የኔን ሥጋ ገደለች! አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። ቀጥ ብዬ ማዳም ጋ ገባሁ። ተናገርኩ፣ ለምን አልናገርም? "ምሕረት አልቀመሰችም። ጾም ላይ ነበረች፣ ሳትቀምስ ልክ ነው አለችኝ" አልኩ።

ማዳም ፊቷ ሁሉ ተለወጠ። "ጾማ ነበር?" አለች። "ሥጋው እጇ ላይ እያለ፣ ማንም ሳያያት፣ ጾሟን አልፈታችም? ማሻአላህ!" ምሕረትን አስጠርታ ራሷን ዳበሰቻት። በረመዳን፣ ራሷ ጾመኛ ሆና፣ ጾመኛ ልታባርር ነው እንዴ? ይሄን እንዴት አላሰብኩትም!

ያኔ ነው የፈነዳሁት። "እኔስ?" አልኩ። "ማዳም፣ እኔስ? እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያንን ሥጋ በአፌ አላዞርኩም! በሃይማኖቴ አይፈቀድልኝም! ስንት ዓመት ሙሉ ሳልቀምስ ነው ያበላኋችሁ! የሷ ሦስት ቀን ነው!"

ማዳም ደነገጠች። እውነቷን ነው የደነገጠችው። "አስካላ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ሥጋ የማትወጂ መስሎኝ ነበር።"

የማልወድ! አገሬ እያለሁ የክርስትና በግ ሲታረድ ከቢላዋው ሥር የማልጠፋው እኔ! እሷም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደመወዜን ጨመረችልኝ፣ ሐጃን አደራ አለችኝ። ወደ ገራፋ የሄደችው ምሕረት ናት። ዕቃቸው ሲጫን ከበሩ አልወጣሁም።

ከሐጃ ጋር በጣም ተስማምተን ኖርን፣ ክፉ አልናገርም። ሩዝ በወተት፣ ተምር፣ ሻይ። እጄ ግን ሥራ ፈታ። አንዳንድ ቀን ሐጃ ተኝታ ሳለች ማድቤቱ ውስጥ ባልዲዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ አሁን ምን ተዘርግቶ ይሆን እላለሁ። ማን እያደረቀው? በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ ይሆን? ብቻዬን እየተቆጣሁ እነሳለሁ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በፊት የበሩ ደወል ጮኸ። ምሕረት ናት። ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን በፎጣ ሸፍና በሁለት እጇ አቅፋለች፤ ከኋላዋ ታክሲ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"አማቾቹ ዛሬ ማታ ተመልሰው ይመጣሉ አስኩዬ። ማዳም 'ያንን የዛን ቀኑን ዛሬ ካሺልኝ፣ ካበላሸሽ ወደ አገርሽ ነው' ብላኛለች። ቁራጭ ጠብሼ ቀመስኩ፣ ደህና ይመስላል። ግን አላመንኩትም። ለዚህ ነው ወዳንቺ የመጣሁት።"

"ምላስሽ የት ሄደ?" አልኳት። ይበልሽ ማለቴ ነበር።

"በናትሽ። እጅሽን አስገቢልኝ።"

ማድቤት ገባን። እጄን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፣ አደረቅኩ። ፎጣውን ገለጥኩ፤ የበግ ታፋ ነው። እጄን አስገባሁ። ጣቴን ያዘው፣ ልክ መያዝ ባለበት ልክ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ፈለግኳቸው፤ ሁሉም እስከ አጥንቱ ሞልተዋል። እርጎው ወፍራም ነው፣ ጮማው አልቀለጠም። ሎሚ ገና አልነካውም። ጥፋት ፈለግኩ። ከልቤ ነው የፈለግኩት፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች። አጣሁ። እኔ ያን ያህል ዓመት የፈጀብኝን እሷ በዚህ ዕድሜዋ፣ ምላስ ላይ እጅ ጨምራ!

"ምን ጎደለው?" አለችኝ ፊቴን እያየች።

"ምንም።"

"እውነትሽን ነው?"

"ምንም አልጎደለውም አልኩሽ እኮ!"

ጉንጬን ሳመችኝ። እንባዋ ፊቴ ላይ ቀረ። የሳህኑን ጠርዝ ያዘችና ሳብ አደረገች። "በይ እጅሽን አውጪው፣ ታክሲው ቆሟል።"

"ቆዪ" አልኳት።

ውጪ የታክሲው ሹፌር ክላክስ ነፋ። "አስኩዬ!" አለች።

"ትንሽ ቆዪ አልኩሽ!"